ሞተርን ለፎንቆ መንገድ ማበጀት

ከሆሳዕና ወደ ወራቤና ቡታጅራ በሚያወጣው አስፋልት ላይ ብዙም ሳይርቁ ፎንቆ ይደረሳል። ከተማዋ በሀዲያ ዞን የአንሌሞ ወረዳ መቀመጫ ናት። የወረዳው ሕዝብ በአብዛኛው የሚኖረው ግን ከአስፋልቱ እየተገነጠሉ ወደ ስንዴ ማሳና ወደ እንሰት ጓሮ በሚገቡት የጠጠርና የአፈር መንገዶች ዳር ነው። በጋ ሲሆን አቧራው፣ ክረምት ሲሆን ጭቃው መንገደኛውን ይፈትናል። መኪና አልፎ አልፎ ይገባባቸዋል፤ ሞተር ሳይክል ግን ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለስባቸዋል። የግብርና ባለሙያው ገበሬውን ማሳው ላይ የሚያገኘው፣ የጤና ባለሙያው የክትባት ሳጥኑን ይዞ ጤና ኬላ የሚደርሰው፣ ነጋዴው ገበያ የሚውለው በሞተር ነው። የታመመ ሰውም ሆሳዕና ወደሚገኘው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ለመሄድ መጀመሪያ አስፋልት የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከሞተረኛ ጀርባ ተቀምጦ ነው።

ይህን ያህል ኃላፊነት የተጣለበት መሣሪያ እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ለሞተረኛውም፣ ከኋላው ለሚቀመጠውም ይጠቅማል። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፦ ሞተር ከፋብሪካ የሚወጣው ለብዙ አገር በአማካይ እንዲሆን ተደርጎ ነው። ለፎንቆ ከፍታ፣ ለፎንቆ ጭቃና ለፎንቆ ጭነት የሚያበጀው ባለቤቱ ነው፤ ከእርሱም ጋር መካኒኩ። የሞተረኛ እውነተኛ ኩራት ያለውም እዚህ ሥራ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ወደ አመጣጡ እንሂድ። በዓለም የመጀመሪያው ባለቤንዚን ሞተር ሳይክል ተብሎ የሚጠቀሰውን ጀርመናውያኑ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በ1885 እ.ኤ.አ. ሠሩት። አካሉ ከእንጨት ነበር፤ እንዳይወድቅም በግራና በቀኝ ትናንሽ ረዳት እግሮች ነበሩት። በብዛት ተመርቶ ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1894፣ ሙኒክ ከተማ ውስጥ ከነበረው የሂልደብራንድና ቮልፍሙለር ፋብሪካ ወጣ። ወደ አገራችን በጣሊያን ወረራ ዘመን የጣሊያን ጦር እንደ ሞቶ ጉዚና ጊሌራ ያሉ ሞተሮችን ይዞ ገብቷል።

ሞተር ሳይክል የገጠር መሣሪያ ሆኖ እንዲታሰብ ካደረጉት ሥራዎች አንዱ የጃፓኑ ያማሃ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤጂ 100 ነው። ሞተሩ የታሰበው ለእርሻ ሥራ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ ጭቃና አቧራ እንዳይገባው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ተዘግቷል፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፤ በተዳፋት መሬት ላይ ማቆም እንዲመች ማቆሚያ እግሩ በሁለቱም ጎን ተሠርቶለታል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ለገጠር ባለሙያዎቻቸው የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በከተሞቻችን በብዛት የሚታዩት ግን የሕንድ ሞተሮች ናቸው። ባጃጅ የተባለው ኩባንያ መነሻው 1945 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሦስት እግር ያላቸውን ታክሲዎች የሚሠራውም፣ ቦክሰር የተባለውን ሞተር የሚሠራውም እርሱ ነው። ቲቪኤስ ሁለተኛው ታዋቂ ስም ነው። እነዚህ ሞተሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ናቸው። ሲሲ ማለት ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ ሲመላለስ የሚጠርገው ቦታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲለካ ነው። አንድ ሲሊንደር አላቸው፤ የሚያቀዘቅዛቸውም በሚጓዙበት ጊዜ የሚነፍሰው አየር ነው።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ፎንቆም ያለችው በዚሁ ደጋማ አገር ነው። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር አምስት አንድ ያህሉ ጎድሏል። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በማቃጠል ስለሆነ አየሩ ሲጎድል ጉልበቱም በዚያው መጠን ይጎድላል። ይህን ማንም ሊለውጠው አይችልም። ሊስተካከል የሚችለው ድብልቁ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል ካርቡሬተር ይባላል። ቤንዚኑ በጠባብ የነሐስ ቀዳዳ በኩል ይመጣል፤ የቀዳዳዋ ስፋት ደግሞ ፋብሪካው በወሰነው ልክ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል። ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ለአንድ ቀን የተቀዳ ቤንዚን ለቀኑ ሳይበቃ ያልቃል።

ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ካንዴላው ራሱ ይናገራል። ካንዴላ በሲሊንደሩ አናት ላይ ተቀምጦ የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ ነው። ሞተሩ በደንብ ሠርቶ ከቆመና ከቀዘቀዘ በኋላ ካንዴላው ይፈታል፤ ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ምን ዓይነት ቀለም እንደያዘ ይታያል። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ትክክል ነው። እንደ ጥላሸት የሚለቅ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይም የአየር ፊልትሮው ተዘግቷል። ርጥብና ቅባት ያለው ጥቁር ከሆነ ዘይት ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ይህ ፒስተኑን የከበቡት ፋሻዎች ወይም የቫልቮቹ መዝጊያ ጎማዎች ማርጀታቸውን ሊያመለክት ይችላል። ንጣት የበዛበትና የተቃጠለ የሚመስል ከሆነ ግን ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ጥሩ መካኒክ የካርቡሬተሩን ብሎን ከመንካቱ በፊት ካንዴላውን ያያል፤ ከካንዴላውም በፊት ፊልትሮውን ይከፍታል። በበጋ የፎንቆን የጠጠር መንገድ ለሚመላለስ ሞተር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ፊልትሮው ላይ ነው። አቧራ የዘጋው ፊልትሮ አየር ከልክሎ ቤንዚን ያስበላል፤ የተቀደደ ወይም ተነሥቶ የተጣለ ፊልትሮ ደግሞ አቧራውን አሳልፎ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ያስበላዋል። የስፖንጅ ፊልትሮ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተነክሮና ተጨምቆ ይመለሳል። የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይነፋል፣ ሲያረጅም ይለወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለደጋ የተስተካከለ ሞተር ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ድብልቁም ቤንዚን ያንሰዋል። ዘወትር ቆላና ደጋ የሚመላለስ ሰው ለመካኒኩ ይህንን አስቀድሞ ቢነግረው መካከለኛውን ይመርጥለታል። ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭላቸው አዳዲስ ሞተሮች ይህን ማስተካከያ ራሳቸው ስለሚያደርጉት ባለቤታቸው ከዚህ ሐሳብ ነፃ ነው።

ስለ ዘይት በአጭሩ እንለፍ፤ ነገር ግን አንዲት ነጥብ መዘለል የለባትም። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ፒስተኑን፣ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን የሚያለሰልሰው አንድ ዘይት ነው። ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከጎማው ጋር የሚያገናኝና የሚያለያይ ክፍል ሲሆን ሥራውን የሚሠራው እርስ በርስ በሚነካከሱ ሳህኖች ነው። ለመኪና ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ዘይቶች እጅግ አንሸራታች የሆነ ቅመም ስላላቸው ሳህኖቹ መንከስ ያቅታቸዋል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይጎተትም፤ ከዚያ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ ተብሎ ገንዘብ ይወጣል። ለሞተር ሳይክል የሚስማማ ዘይት ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት አለው። አዲስ ሞተር ደግሞ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ይፈልጋል፤ ገና የሚግባቡት ብረቶች የሚያራግፉት ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ስለሚከማች አምራቾች የመጀመሪያውን ቅያሪ በ500 ወይም በ750 ኪሎ ሜትር ገደማ ያዛሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚወስነው ከሞተሩ ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ ነው። ዘይት የሚለካው ሞተሩ በሁለት ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሞ መሆኑን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ በጎን ማቆሚያው ተጋድሞ የተለካ ዘይት ልኩን አይናገርም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለት ከሞተሩ የሚወጣውን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ ያደርሳል፤ ከፊት ትንሽ፣ ከኋላ ትልቅ ባለጥርስ ብረት ላይ ይዞራል። በፎንቆ ጭቃና አቧራ ቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው፤ ያለ ብዙ ወጪ ሊድን የሚችለውም እርሱ ነው። ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ሞተሩ በመሐል ማቆሚያው ይቆማል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሆናል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ሞተሩ እየሠራ ሰንሰለት የሚነካ ሰው ጣቱን ያጣል። በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ተይዞ የኋላ ጎማው በእጅ ወደ ኋላ እየዞረ ሰንሰለቱ ዙሪያውን ይጠረጋል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከመጋጠሚያዎቹ መሐል ጠጠርና የደረቀ ጭቃ ይወጣል። ሲደርቅ ንጹሕ ወፍራም የካምቢዮ ዘይት በሰንሰለቱ የውስጥ ጎን ጠብ ጠብ ይደረጋል፤ ጎማው ሲዞር ዘይቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ራሱ ይሰራጫልና። ትርፉ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም አይመከርም፤ ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት፣ ከመንገዱ አቧራ ጋር ሲቀላቀልም ሰንሰለቱን ይሞርደዋል።

ቀጥሎ ውጥረቱ ይለካል። በሁለቱ ባለጥርስ ብረቶች መካከል ያለው የታችኛው የሰንሰለት ክፍል በጣት ወደ ላይ ይገፋል፣ ወደ ታችም ይሳባል። በብዙዎቹ ትናንሽ የመንገድ ሞተሮች ላይ እንቅስቃሴው በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል፤ ሁለት ጣት ያህል ማለት ነው። ትክክለኛው ቁጥር በመመሪያው ወይም በኋላው ሹካ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ልኬቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይበቃም። ጎማውን እያዞሩ ሦስት አራት ቦታ መለካት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሰንሰለት በአንድ ወገን ብቻ ሊለጠጥ ይችላል። የሚስተካከለውም በጣም በወጠረበት ቦታ ነው። የኋላ ጎማው ዋና ዳዶ ይላላል፣ በግራና በቀኝ ያሉት ማስተካከያ ብሎኖች በእኩል መጠን ይዞራሉ፣ በሹካው ላይ የተቀረጹት መስመሮች በሁለቱም ጎን እኩል መሆናቸው ይረጋገጣል። እዚህ ላይ የሚደረግ ቸልታ ጎማውን ጠማማ ያደርገዋል፤ ሞተሩ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ ጎን መሳብ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ከመጠን በላይ የወጠረ ሰንሰለት ከላላው ያላነሰ ክፉ ነው። ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ሲጫን የኋላው ሞላ ይወርዳል፣ ሰንሰለቱ ይበልጥ ይወጥራል፣ የጎማውንና የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይጎዳል። ስለዚህ ውጥረቱ ከተስተካከለ በኋላ ሰው ተቀምጦበት እንደገና መታየት አለበት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ የማበጀት ሥራ አለ። የፊተኛው ባለጥርስ ብረት 14 ጥርስ ካለው በ13 ቢለወጥ ጎማው ላይ የሚደርሰው የመጎተት ኃይል በ8 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከፍተኛው ፍጥነት ደግሞ በተመሳሳይ መጠን ይቀንሳል። በጭነት ዳገት የሚወጣ ሞተር ከዚህ ይጠቀማል፤ ከፎንቆ ሆሳዕና በአስፋልት ብቻ የሚመላለስ ግን ቤንዚን ከማባከን በቀር አያተርፍም። የአገሩን መንገድ የሚያውቅ ባለቤት ብቻ የሚወስነው ጉዳይ ነው።

ጎማን በተመለከተ የብዙ ትናንሽ ሞተሮች የአየር ልክ ከፊት 25፣ ከኋላ 28 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ ከኋላ ሰው ሲጫን የኋላው 32 አካባቢ ይደርሳል። የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ነው። አየር ያነሰው ጎማ በጠጠር ላይ ቸርኬውን ያስመታል፤ አየር የበዛበት ደግሞ በጭቃ ላይ ይንሸራተታል። ፍሬንን በተመለከተ ሞተሩን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ ሲያዝ አብዛኛው ክብደት ወደ ፊት ስለሚመጣ። በውኃ ውስጥ ያለፈ ባለ ከበሮ ፍሬን ሸራው እስኪደርቅ ድረስ አይይዝም። ከወንዝ ወይም ከጎርፍ የወጣ ሞተረኛ በዝግታ እየሄደ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ ደጋግሞ ይይዘዋል፤ ግጭቱ ያደርቀዋል።

ማበጀት ሰውዬውንም ይጨምራል። የፍሪሲዮንና የፍሬን መያዣዎቹ የተቀመጠው ሰው ክንዱን ዘርግቶ ጣቱን ሲያሳርፍ አንጓው ሳይታጠፍ በቀጥታ እንዲያገኛቸው ተደርገው መታሰር አለባቸው። የፍሪሲዮኑ መያዣ ትንሽ ልቅ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል፤ ያ ከሌለ ሳህኖቹ ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም፣ እያደር ይቃጠላሉ። ስፖኪዮው የገዛ ትከሻን ማሳየት የለበትም፤ ከኋላ ያለውን መንገድ ማሳየት አለበት። የፊት መብራቱም ጭነት ሲበዛ ወደ ሰማይ እንዳያይ ዝቅ ተደርጎ ይስተካከላል። በሀዲያ ፈረስ የክብር እንስሳ ነው፤ ባለፈረስ ኮርቻውን ከመጫኑ በፊት የፈረሱን ጀርባ፣ ሰኮናና የማሰሪያውን ጥብቀት በእጁ ዳብሶ ያረጋግጣል። ለሞተርም የሚያስፈልገው ይኸው የእጅ ምርመራ ነው፦ ዘይቱን ማየት፣ ጎማውን መጫን፣ ፍሬኑን መያዝ፣ ሰንሰለቱን መንካት፣ የላሉ ብሎኖችን መፈተሽ። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

በከተሞቻችን ሞተርን በጌጥ ማድመቅ የተወደደ ነው፦ ባለጥልፍ የወንበር ልብስ፣ ባንዲራ፣ ተለጣፊ ጽሑፍ። ውበትን የሚወድ ሰው ንብረቱን ይወዳልና ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ጌጡ የሞተሩን ሞላ፣ መብራትና የሰሌዳ ቁጥር መሸፈን የለበትም። የሲሊንደሩን የማቀዝቀዣ ክንፎች የዘጋ ጭቃ ማስወገድ ደግሞ ከማናቸውም ጌጥ ይቀድማል፤ አየር ያልደረሰው ሲሊንደር ይግላልና። በእጥበት ጊዜም ኃይለኛ የውኃ ግፊት ጎማዎቹ ወደሚዞሩባቸው ኩሽኔታዎችና ወደ ካርቡሬተሩ መላክ የለበትም። ግራሶውን አጥቦ ውኃ ያስቀራል።

ጥገና ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ከአገራችን ወጣ እንበል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካዊው የሞተር ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ ከእንግሊዛውያኑ ባሪና አንድሪያ ኮልማን ጋር ለሕፃናት እርዳታ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። ሥራው ሶማሊያ ባደረሳቸው ጊዜ ለጤና አገልግሎት የተሰጡ ተሽከርካሪዎች ተሰብረው ቆመው ተገኙ። ብዙዎቹ ያስፈልጋቸው የነበረው ዘይት፣ ፊልትሮና የሚያስተካክል እጅ ነበር። ከዚህ ተሞክሮ የተነሣው ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው ድርጅት በ1996 እ.ኤ.አ. ራሱን ችሎ ተቋቋመ፤ በሌሶቶ፣ በጋምቢያና በዚምባብዌ ለጤና ሠራተኞች ሞተሮችን በማስተዳደር ታወቀ። አሠራሩ ቀላል ነው። የጤና ሠራተኛው ራሱ የየዕለቱን ምርመራ ይማራል፤ ዕቃዎቹም ከመሰበራቸው በፊት በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ይለወጣሉ። ይህ አሠራር ለአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚከብድ አይደለም። የክትባት ሳጥን የያዘ ሞተር መንገድ ላይ ቢቆም በረዶው እየሟሟ ነው፤ ክትባቱም ከተወሰነለት ሙቀት ሲያልፍ ይበላሻል።

ኪሎ ሜትር መቁጠር የሚቻለው ሲጻፍ ብቻ ነው። ለዚህ የተማሪ ደብተር ይበቃል፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተሠራው ሥራ፣ የተለወጠው ዕቃና የከፈሉት ዋጋ በየመስመሩ ይሰፍራል። የሞተረኞች ማኅበር አባላት እንዲህ ያለ መዝገብ ቢይዙ የትኛው ሰንሰለት፣ የትኛው የፍሬን ሸራ በእነርሱ መንገድ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያገለግል በራሳቸው ቁጥር ያውቃሉ፤ ከሻጭ ወሬም ይድናሉ። ሞተሩ ሲሸጥ ደብተሩም አብሮ ለገዢው ይሰጣል። ገዢው ደብተሩን አገላብጦ ካየ በኋላ ሁለት ነገር ራሱ ይፈትሽ፦ ሞተሩ ሳይሞቅ በመጀመሪያ ምት መነሣቱንና በሚኒሞ ሳይንተፋተፍ መቆየቱን፤ ከዚያም የኋላው ባለጥርስ ብረት ጥርሶች ቀጥ ያሉ ወይም ወደ አንድ ወገን የተቆለመሙ መሆናቸውን። የተቆለመሙ ከሆነ ደብተሩ ምንም ቢል ሰንሰለቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታይ ቆይቷል፤ ሁለቱም ባለጥርስ ብረቶች ከሰንሰለቱ ጋር አንድ ላይ መለወጥ ስላለባቸው ያ ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነስ።